ንግግራቸውን የማይጨርሱት ባቶኖ ቫርላም

ሾርባ እየቀዘቀዘ የሚናገር ሰው የሌለበት አገር የለም። ሠርግ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ለቅሶ ላይ ታገኙታላችሁ፤ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ላይ ማንም ሳይጋብዘው ብድግ ሲል ታዩታላችሁ። በሌላው አገር እንዲህ ያለውን ሰው ኮቱን ጎተት አድርገው ያስቀምጡታል። እኛ ጆርጂያውያን ግን ሾመነዋል። ታማዳ እንለዋለን፤ የጽዋ አዛዥ ማለት ነው። እሱ ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ፣ መርቆ፣ ንግግሩን ጨርሶ አሜን እስኪያሰኝ ድረስ ከገበታው አንድም ሰው ወይን ከከንፈሩ አያደርስም። ያለ ቄስ ጋብቻ ይጸናል ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያለ ጽዋ አዛዥ ይጸናል ያለ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

የእኛ ቤት ጽዋ አዛዥ ባቶኖ ቫርላም ናቸው። ባቶኖ የምንለው የተከበረን ሰው ነው፤ እሳቸውን ስንጠራ ግን ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ "ኧረ በቃዎት" የሚል ልመና ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው አንድ ክረምት ቀርቷቸዋል። የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ዛሬም የመሥሪያ ቤታቸውን ጥቁር ካፖርት ይለብሳሉ፤ ከስድስቱ የነሐስ ቁልፎች አራቱ አሉ። በዘመናቸው ከተራራው እስከ ባሕሩ ያለው ሠርግ ሁሉ በእሳቸው አፍ ይከፈት ነበር ይባላል። ይህን የነገሩን እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ችግሩ ቤታችን የመጠጥ ጠብታ የማይገባበት ቤት መሆኑ ነው። በኩታይሲ ከተማ፣ ከሪዮኒ ወንዝ ማዶ፣ ከመጠጥ ታክመን የወጣን ስምንት ወንዶች እንኖርበታለን። ሰው ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ቤቱ ከሄደ በሳምንቱ ተመልሶ ይወድቃልና፣ እዚህ አንድ ሁለት ዓመት ሰንብቶ እግሩ ሲጸና ነው የሚሰናበተው። ሕጉ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ አንድ መስመር ነው። "የቀመሰ አልጋውን ይለቃል።" በእንዲህ ያለ ቤት ጽዋ አዛዥ መሆን ንብ የሌለበትን ቀፎ እንደ መጠበቅ ነው። ባቶኖ ቫርላም ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይሰናበቱ ሲጠብቁት ኖሩ።

ወይን ከሌለ በሻይ ይመርቃሉ። ሻይ ከሌለ በባዶ ማንኪያ። የልብስ ማጠቢያው ተጠግኖ በተነሳበት ቀን እርጥብ ልብሳችንን ታቅፈን አርባ ደቂቃ ቆመን፣ ስለ ውሃና ስለ ኃጢአት መታጠብ ሰምተናል። የእኔ የመንጋጋ ጥርስ የተነቀለ ቀን ደግሞ ጉንጬ እንደ ዱባ አብጦ ሳለ አስቆሙኝና፣ ሃምሳ ዓመት በታማኝነት አኝኮ ለተለየን ጥርስ ሽኝት አደረጉለት።

የቧንቧው ነገር ግን ሁሉን ይበልጣል። ኩሽና ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የተጠራው ሠራተኛ ሲደርስ ውሃው ቁርጭምጭሚት ጋ ደርሶ ነበር። የዋናውን መዝጊያ ቦታ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሳቸውም የሻይ ብርጭቆ አንስተው፣ ውሃን ለከተማ ያደረሱ የጥንት እጆችን ማመስገን ጀመሩ።

"ባቶኖ፣ መዝጊያው የት ነው?" አለ ሰውየው።

"ገና አልጨረስኩም።"

"ውሃው ሳሎን ገባ እኮ።"

"ይግባ፤ እንግዳ ነው። ቃል የሌለው ብርጭቆ የከብት ገንዳ ነው፣ ልጄ። ቁምና ስማ።"

ገና አልጨረስኩም። ይህችን ቃል ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እግዚአብሔር ይወቀው። ቤቱን የምታስተዳድረው ሲስተር ሊያና ሾርባ ማሞቅ ሰልችቷት ነበር። "ባቶኖ ቫርላም፣ ከዚህ በኋላ ቀዝቃዛውን ነው የሚበሉት" ትላቸዋለች። "ሾርባ መልሶ ይሞቃል፤ ወንድ ልጅ ከቀዘቀዘ ነው ችግሩ" ይሏታል። እኔም እዚህ ቤት ከገባሁበት ቀን ጀምሮ፣ ማታ ስጸልይ ከምለምናቸው ነገሮች አንዱ ዝምታ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከዋና ከተማው አንድ የተማረ ልጅ መጣ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ክፋት የለበትም። ለእያንዳንዳችን ወረቀት አደለን። ከሦስት ነገሮች ራቁ ይላል፤ ከሚጠጡ ሰዎች፣ ከሚጠጣባቸው ቦታዎች፣ ከሚጠጣባቸው ቀኖች።

ባድሪ እጁን አወጣ። ባድሪ ግንበኛ ነበር፤ ሰፊ ትከሻና ቀጭን ድምፅ ነበረው። "ማለት፣ ከአገሩ?" አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ልጁ አልሳቀም፤ የባድሪን ጥያቄ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ከሳቅነው ሰዎች መሃል ወረቀቱን አምኖ የተቀበለው ባድሪ ብቻ ሆነ። በጥቅምት የሴት ልጁ ሠርግ ነበር። ለሠርጉ የገዛውን ነጭ ሸሚዝ ለበሰ፤ ጫማውን አሰረ፤ ከዚያ አልጋው ላይ ተቀምጦ ዋለ። "ከሄድኩ እጠጣለሁ" አለ። አልሄደም፤ አልጠጣም። ልጁን አጎቷ ዳራት። ሙሽሪትም ለጠየቃት ሁሉ አባቴ ታሟል ስትል አመሸች። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደውልላት አታነሳም ነበር። በጥር፣ በረዶ በጣለ በማግስቱ ጠዋት፣ ባድሪን ከድልድዩ ሥር አገኙት። ብቻውን ነው የጠጣው። ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

ከቀብር እንደተመለስን ባቶኖ ቫርላም ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሲስተር ሊያና ፊት ቆሙ። "ያ ልጅ ያመጣው ምክር ጥሩ ነው፤ ገበታ ለሌለው አገር። የእኛ ሰው ከገበታ ሲርቅ ከሞቱት ይቆጠራል። የሞተ ሰው ደግሞ ምን ፈርቶ ነው የማይጠጣው? ወንዶቹን ከገበታ አናርቃቸው። እንዴት እንደሚቀመጡበት እናስተምራቸው።"

እንዲህ ሆኖ የእሑዱ ደረቅ ገበታ ተጀመረ። ባቄላው፣ አይቡ፣ በአይብ የተሞላው ዳቦ፣ የተወቀጠ የዋልኑት ፍሬ የተቀባው ደበርጃን ሁሉ ይቀርባል። ለባድሪም አንድ ወንበር ይተውለታል። በመጀመሪያው እሑድ ባቶኖ ቫርላም በየብርጭቆው ሎሚናት ቀዱና ለሲስተር ሊያና ጤና ተነሱ። ማንም ብርጭቆውን አልነካም። እኛ ዘንድ በሎሚናትም ሆነ በውሃ የሚመረቀው ክፉ የሚታሰብለት ሰው ነው። ይህን በከተማው ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ደግሞ ባቶኖ ቫርላም ነበሩ።

"ሴትዮዋን ሊገድሏት ነው እንዴ?" አልኳቸው።

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምርቃት ሳይጨርሱ ተቀመጡ። በሚቀጥለው እሑድ ግን ገና በማለዳ ወጥተው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ምንጭ ጠበል በጀሪካን ተሸክመው መጡ። "በጠበል የተመረቀ ሰው ይረገማል የሚል ካለ ይነሳ" አሉ። የተነሳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለሕያዋን በጠበል እንነሳለን።

ለሙታን ግን ጠበል አይሆንም። ለሙታን ጽዋ ሲነሳ ከወይኑ ጥቂት ጠብታ ዳቦ ላይ ይፈሳል፤ ያ የሟች ድርሻ ነው፤ የቀረውን ቋሚው ይጠጣል። ባቶኖ ቫርላም ይህን ሲያሰላስሉ ከርመው አንድ እሑድ እንዲህ አሉን። "ጥቂቱን ማን ወሰነው? ለምትወደው ሰው ሙሉውን ብትሰጥ ማን ይከለክልሃል? አፍስሰው። ሟቹ ስለ አንተ ይጠጣው።" በሻይ ተለማመድን። እንደ ወታደር ተሰልፈን፣ አንድ እጅ ዳቦ፣ አንድ እጅ ብርጭቆ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ። በሻይ የራሰውን ዳቦ የጎረቤት ዶሮዎች ይበሉት ነበር፤ የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ሰባ።

በዚህ ትምህርት ሦስት ወንድሞቻችን ሠርግና ለቅሶ ደርሰው ደህና ተመለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን። ባቶኖ ቫርላም ግን እንዲሸኙ ሲጠየቁ ጉልበቴን ያመኛል እያሉ ሁልጊዜ ይቀሩ ነበር። እኔም አምኛቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ በወይን ለቀማ መሃል፣ ታላቅ ወንድሜ ጁምበር ከመሰላል ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። ለቀብሩ ሄጄ አፈሩ ሳይደላደል ሸሸሁ። ሰው ሁሉ አየኝ። ሚስቱ ማቅቫላ ለአርባው ተዝካር ስትደውል ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ኖዳር፣ ሌላ ወንድም የለውም። ጽዋውን የምታነሳለት አንተ ነህ። አሁንም ከቀረህ ልጆቼ አጎት አለን አይሉም።"

ብሄድ የወንድሜን ጋን ከፍተው ይቀዱልኛል፤ ብቀምስ አልጋዬን፣ ከአልጋዬም ጋር ነፍሴን አጣለሁ። ብቀር ባድሪን እሆናለሁ። ሲስተር ሊያና ብቻህን አትሄድም አለችና ወደ ባቶኖ ቫርላም ዞረች። ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አደረጉ። ቆየት ብለው አነሱት።

"ካፖርቴን ብሩሽ ልምታው" አሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩን መረቁ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መረቁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አመሰገኑ። የመንደራችን ዳገት ሲጀምር ዝም አሉ። ካኪ የምንለው ዛፍ ቅጠሉ ረግፎ፣ በየአጥሩ ብርቱካንማ ፍሬውን ብቻ ተሸክሞ ዝናብ ይመታዋል። ጫማቸውን ሦስት ጊዜ ፈትተው ሲያስሩ አየሁ።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተጥሏል፤ በረዥሙ የጣውላ ገበታ ዙሪያ ወንዶቹ ተቀምጠዋል። የጽዋ አዛዡ የአጎቴ ልጅ ኤልጉጃ ነበር፤ ቀይ ፊት፣ ክፉ ያልሆነ፣ አፉ ግን የማያርፍ ሰው ነው።

"ኖዳር፣ ፈቱህ እንዴ? ደግሞ ሞግዚትህን ይዘህ መጣህ?"

"ጓደኛዬ ናቸው" አልኩ።

የወንድሜ ወይን ተቀዳ፤ አምና የጨመቀው ነው። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ የጁምበር ምድር ቤት፣ እርጥቡ አፈር፣ የጋኑ ክዳን፣ የእሱ ሳል፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ። ተነሳሁ። ንግግሬ አጭር ነበር፤ ደግ ሰው ነበር፣ እኔን ሁለት ጊዜ ከቦይ አውጥቶኛል አልኩ። ዳቦውን ያዝኩና ብርጭቆውን ገለበጥኩበት፤ እስከ መጨረሻው ጠብታ።

"ወንድምህ ይህን ያህል አይጠጣም ነበር" አለ ኤልጉጃ።

"ዛሬ የእኔንም ድርሻ ይጠጣልኝ።"

አንድ ሽማግሌ አሜን አሉ። ሌሎቹም ተከተሉ። አለፈ። እንዲህ በቀላሉ እንደሚያልፍ ማን ይገምታል? ተቀመጥኩና አምላኬን አመሰገንኩ። በምስጋናዬ ግን ቸኩያለሁ።

ኤልጉጃ ካፖርቱን አፍጥጦ ያይ ነበር። "ቆይ፣ እርስዎ የባቡሩ ቫርላም አይደሉም? የአባቴን ሠርግ የመሩት?" ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ኤልጉጃ የውሃ ብርጭቆ አስመጥቶ አፉ ድረስ ወይን ሞላው። "የሙታንን ሁሉ ጽዋ ለባቶኖ ቫርላም አሳልፌአለሁ። እንደዚህ እንደ ኖዳር ደግሞ ዳቦ እንዳያጠጡብን። እሱ በሽተኛ ነው፤ እርስዎ ሰው ነዎት።"

ባቶኖ ቫርላም ብርጭቆውን ተቀብለው ቆሙ።

ያን ንግግር ያልሰማ ሰው ይቅናብኝ። እስከ ዛሬ የሰማናቸው ሁሉ ለካ መለማመጃ ነበሩ። ስለ ጁምበር እጆች ተናገሩ፤ አይተዋቸው አያውቁም፤ ግን ልክ ነበሩ። ማቅቫላ ከኩሽናው በር ላይ አለቀሰች። አሥር ደቂቃ ሆነ። ወደ ወላጆቻችን ሄዱ፤ ወደ አያቶቻችን ሄዱ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። በጦርነት የሞቱትን፣ ወንዝ የወሰዳቸውን፣ የባቡር ሠራተኞችን በየጣቢያው ስም አነሱ። ዓሣው ቀዘቀዘ። ብርጭቆ ይዘው የቆሙት ሽማግሌዎች ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መዛወር ጀመሩ።

"ባቶኖ፣ እንግዲህ አሜን እንበል?" አለ ኤልጉጃ።

"ገና አልጨረስኩም።"

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የዘመዶቼን ፊት ላለማየት ሳህኔን አየሁ። እሳቸው ወደ በቅሎዎች ገቡ፤ አንዲት ድንጋይ ስታመላልስ የሞተች በቅሎ ነበረች። ከዚያ ባድሪን አነሱ። ከዚያ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ ሃምሳ ዓመት በታማኝነት አኝኮ ስለተለየን የኖዳር ጥርስ ማውራት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ሙታን አልቀውባቸዋል። ከአዳም ጀምሮ ያለውን ሁሉ ቆጥረው የእኔ ጥርስ ላይ ደርሰው ቀና ሲሉ ከፊታቸው የቀረው ብርጭቆው ብቻ ነበር። እጃቸውን አየሁ። ወይኑ በብርጭቆው ጠርዝ እየዘለለ የካፖርታቸውን እጅጌ አርሶታል። ምላሳቸው ከንፈራቸውን አንዴ ዳሰሰ።

ቁራሽ አልበቃኝም። ሙሉውን ዳቦ፣ እንደ ጀልባ የረዘመውን፣ ከመሶቡ አነሳሁና ጣውላውን ዞሬ ሄድኩ። በሁለት እጄ ከብርጭቆው ሥር ያዝኩላቸው።

"ባቶኖ ቫርላም" አልኩ፣ "ባድሪ ጠምቶታል።"

አዩኝ። ጥቂት ጊዜ እኔን የሚያውቁኝ አልመሰለኝም። ከዚያ አሜን አሉና ገለበጡት። ወይኑ ዳቦውን አልፎ በጣቶቼ መሃል፣ በክንዴ፣ እስከ ክርኔ ወረደ። ኤልጉጃ አፉን ሊከፍት ሲል ማቅቫላ ፎጣ ይዛ በመሃላችን ገባች።

"ተዋቸው፣ ኤልጉጃ" አለችው። "ለባሌ ነው የሰጡት። አንተ እስካሁን ጠብታ ነው የሰጠኸው።"

በመመለሻው ሚኒባስ ሹፌሩንም ጎማውንም የመረቀ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ዝምታ ተሰጠኝና፣ አንድ ሰዓት ልሸከመው አልቻልኩም።

"ኧረ ባቶኖ፣ አንድ ነገር ይበሉ።"

"ጽዋ አዛዥ እየተናገረ ማንም አይጠጣም" አሉ መስኮቱን እያዩ። "አዛዡ ራሱም ጭምር። ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው፣ ኖዳር። ሲጠማኝ እነሳና እናገራለሁ። እስካልጨረስኩ ድረስ አልጠጣም። ዛሬ ግን ቃል አለቀብኝ። ዳቦውን ባታመጣ ኖሮ ጠጥቼው ነበር።"

የመንገዱ መብራቶች አንድ በአንድ ፊታቸውን አበርተው ሲያልፉ አየሁ።

"ቧንቧ ሠሪው የመጣ ቀንስ?" አልኩ።

"ያን ቀን በጣም ጠምቶኝ ነበር።"

"ጥርሴስ?"

አሰቡበት። "እሱስ ለጥርስህ ነበር።"

ቤት ከመግባታችን በፊት የግቢውን ቧንቧ ከፍተው፣ ሽታው እስኪለቅ እጆቼን እስከ ክርኔ በልብስ ሳሙና አሳጠቡኝ። ውሃው በረዶ ነበር። ለሳሙናው ምርቃት አላደረጉም፤ ደክሟቸው ነበር።

ባለፈው እሑድ አንድ አዲስ ሰው መጣብን። ከሆስፒታል ከወጣ አራት ቀኑ ነው፤ እጁ ገና ይንቀጠቀጣል። ባቶኖ ቫርላም ለእሱ ክብር ከተነሱ ግማሽ ሰዓት አልፏል፤ ከአያቱ አያት ጀምረው ገና አያቱ ጋ አልደረሱም።

"ወንድሜ፣ እኚህ ሰውዬ መቼ ነው የሚጨርሱት?" አለኝ በጆሮዬ።

"ዝም ብለህ ቁም" አልኩት።

ሾርባው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። ሲስተር ሊያና ልታሞቀው ድስቱን መልሳ ወስዳለች። እኔ ጠበሌን ይዤ፣ ከባድሪ ወንበር አጠገብ ቆሜ፣ የዱሮ ጸሎቴን ትቼ በያዝኩት በአዲሱ እለምናለሁ፤ ጌታ ሆይ፣ አደራህን፣ አታስጨርሳቸው።